የእትዬ ዘነበች ማቶኔ

የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ የእህቴ የልጅ ልጅ ቀለበት ባሰረችበት ዕለት፣ እዚሁ አሰላ፣ መስታወቱ ከምግቡ ይልቅ የሚያምር አንድ ካፌ ውስጥ፣ ከምሳ በኋላ በትንንሽ የፕላስቲክ ኩባያ የቀረበልን ነገር ነው ይህን ሁሉ የሚያስጽፈኝ። አስተናጋጇ ኩባያውን ፊቴ አስቀመጠችና፣ "ማዘር፣ ቲራሚሱ ይባላል፣ የጣሊያን ነው፣ ማንኪያውን እስከ ታች አስገብተው ነው የሚበሉት" ብላ አስረዳችኝ። አመሰገንኳት። ብስኩት በቡና ነክሮ ከክሬም ጋር መደርደርን ለእኔ ልታስተምረኝ! እንደተባልኩት ማንኪያዬን እስከ ታች ሰድጄ ቀመስኩ። ክሬሙ ቅቤ በዓይኑ አይቶ የማያውቅ፣ ላንቃ ላይ እንደ ሻማ የሚለጠፍ የአትክልት ቅባት ነው፤ ስኳሩ ደግሞ ለሦስት ሰው ሻይ ይበቃል። ቡናው ግን ቡና ነበር። ብስኩቱ ውስጥ ሰርጎ የተቀመጠው ያ ቀዝቃዛና መራራ ቡና ምላሴን ሲነካው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ እጄ እስከ ክንዴ በካካዎ ተለቅልቆ፣ በእናቴ ጓዳ ውስጥ ቆሜ ራሴን አገኘሁት።

እዚያ ብቻ ቢቀር ኖሮ ጥቂት ተክዤ፣ ጥቂት ፈገግ ብዬ፣ ወደ ቤቴ በሄድኩ ነበር። ነገር ግን የእህቴ ልጅ ዳዊት፣ የዕለቷ ባለቀለበት አባት፣ ኩባያውን ከፍ አድርጎ "ብቻ የዘነበች ማቶኔ እንዳይሆንብን!" አለ፤ ጠረጴዛው ሙሉ በሳቅ ፈረሰ። በቤተሰባችን የተበላሸ ነገር ሁሉ ስሙ ይኸው ነው። ጨው የበዛበት ወጥ የዘነበች ማቶኔ ነው፤ ጠቦ የተሰፋ ቀሚስ የዘነበች ማቶኔ ነው፤ ዳዊት ራሱ ኢተያ አጠገብ የገዛው አሮጌ ትራክተር በሁለተኛ ቀኑ እርሻ መሃል ሲቆም የዘነበች ማቶኔ ተብሏል። ዳዊት ያኔ እንኳን ሊቀምስ አልተወለደም፤ ሲያወራው ግን ከፊት ረድፍ የተቀመጠ ይመስላል። የዳዊት እናት፣ እህቴ ሙሉም ሳቀች። እናቴም ሳቀች። እናቴ ሰማንያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ጆሮዋ የምንነግራትን ግማሹን ነው የሚሰማው፤ ይህችን ቀልድ ግን በማንኛውም ጫጫታ ውስጥ አጥርቶ ይሰማታል። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

ስሜ ትዕግሥት ነው። ስሙን ያወጡልኝ አያቴ ምን ታይቷቸው እንደሆነ አላውቅም፤ ሠላሳ ዓመት ያስተማርኳቸው ልጆች ግን በእኔና በስሜ መካከል ዝምድና እንደሌለ ይመሰክራሉ። ኩባያውን ገፋ አድርጌ፣ ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ። "ስኳሯ ከፍ ብሎባት ነው" ብሎ ነበር አሉ የእህቴ ባል ከኋላዬ። ስኳሬ ደህና ነው። ከፍ ያለብኝ ሌላ ነው።

እትዬ ዘነበች ከእኛ ቤት ሁለት አጥር አልፎ፣ ወደ አሮጌው ወፍጮ ቤት በሚወስደው ቅያስ ላይ ይኖሩ ነበር። ወፍጮ ቤቱን የተከለው፣ ጦርነቱ ሲያልቅ ወደ አገሩ ሳይመለስ አሰላ ላይ የቀረ አንድ ጣሊያን ነው፤ እትዬ ዘነበች ደግሞ ከልጅነታቸው ጀምሮ ወጥ ቤቱ ነበሩ። ሰውዬው አርጅቶ፣ እኔ ገና በእናቴ ጀርባ ታዝዬ ሳለሁ፣ ወደ አገሩ ሲገባ ሁለት ክፍል ቤት፣ አንድ ረጅም የእንጨት ሳጥንና መጥፎ ስም ትቶላቸው ሄደ። ቤቱ ያፈስ ነበር፤ ሳጥኑ ጠንካራ ነው፤ ስሙ ከሁለቱም ይበልጥ ጠንክሮ ኖረ። ወጥ ቤት ብቻ ነበረች ወይ ብለው የሚጠይቁ ነበሩ። ያንን ለማይጠይቁት ጨዋዎች ደግሞ ሌላ ክስ ተዘጋጅቶላቸዋል፤ "ዓርብ ዓርብ ለፈረንጅ ሥጋ ስትጠብስ የኖረች እጅ" ይሏቸው ነበር። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ እትዬ ዘነበች እኮ ዓርብና ረቡዕ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ በአፋቸው የማይዞር ሴት ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሌላ ሰው ሥጋ እያበሰሉ፣ ራሳቸው ሳይቀምሱ፣ ጨውን በእጃቸው መዳፍ መዝነው የሚያስተካክሉ ሴት። ከተማው ሁሉ አንቺ ይላቸው ነበር፤ በዕድሜ አሥራ አምስት ዓመት የምታንሳቸው እናቴም ጭምር። እኔ አንቱ እላቸው ነበር፤ ይህን የምናገረው ለመመጻደቅ አይደለም፤ ለእሳቸው ካደረግኩላቸው ነገር ሁሉ ደህናው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው።

ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን የማያነሡ ሴት ነበሩ። ሲሰናበቱ "ቻው" ይላሉ፤ ሲበቃቸው "ባስታ" ይላሉ፤ ከዚያ በቀር ከጣሊያኑ ቤት ይዘውት የወጡት ቋንቋ ማቶኔ ብቻ ነበር። ማቶኔ ማለት በእነሱ አገር ጡብ ማለት ነው ብለው ነግረውናል፤ ከሳጥኑ ሲወጣ ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ ቡናማ፣ ከባድ ስለሆነ ነው። እሳት አይነካውም። ይኼ ነገር ለእኛ ለልጆቹ ተአምር ነበር፤ እናቶቻችን ከጠዋት እስከ ማታ በጭስ ዓይናቸው ቀልቶ እያየን፣ ያለ እሳት የሚበስል ምግብ ምን እንደሆነ አይገባንም። በየዓመቱ የፋሲካ ማግስት የሰፈሩን ልጆች ደጃቸው ላይ ይሰበስቡና ለእያንዳንዳችን ከጣት የማይወፍር ቁራጭ ይሰጡናል። እናቶቻችን እዚያ እንደበላን ያውቃሉ፤ አፋችንን ጠርገን እንገባለን፤ እነሱም አላየንም ብለው ያልፉታል። ልጅ እንዲበላበት የሚፈቀድ እጅ፣ ለትልቅ ሰው እንዴት ርኩስ እንደሚሆን እስከ ዛሬ የሚያስረዳኝ አላገኘሁም።

አሠራሩን የማውቀው አብሬያቸው ገበያ ስለምሄድ ነው። ሥራው የሚጀምረው ከቅቤው ነው። እትዬ ዘነበች በቅቤ ተራ ውስጥ፣ ከጭላሎ ግርጌ ከሚወርዱት ሴቶች ፊት እየተንበረከኩ፣ ቅጠሉን ገለጥ አድርገው ያሸቱና "ሃራዳ?" ይላሉ፤ አዲስ ነው ወይ ማለታቸው ነው። ሁሉም አዲስ ነው ትላለች። እሳቸው ግን የሚያምኑት አፍንጫቸውን ነው፤ አምስት ስድስቱን አልፈው ሰባተኛዋ ጋ ቁጭ ይላሉ። ቤት ሲገቡ ያንን ለጋ ቅቤ በቀዝቃዛ ውኃ ያጥቡታል፤ እንደ ልብስ ያሹታል፣ ውኃው ነጭ ይሆናል፣ ይደፉታል፣ ደግመው ያጥቡታል፣ ውኃው ልክ እንደገባ ጠርቶ እስኪወጣ ድረስ። ከዚያ ከስኳርና ከእንቁላል አስኳል ጋር በእንጨት ማንኪያ መምታት ነው። ያ ክንድ ይጠይቃል፤ የእኔ ክንድ ሲዝል የእሳቸው ይተካል፤ ቅቤው እየነጣ፣ እየለሰለሰ፣ በመጨረሻ ጥጥ ይመስላል። ካካዎው የሚገባው ያን ጊዜ ነው። ወፍራም ቡና ተፈልቶ፣ ቀዝቅዞ፣ በዝርግ ሳህን ይቀመጣል፤ የሱቅ ደረቅ ብስኩት አንድ በአንድ ይነከርበታል። እዚህ ላይ እትዬ ዘነበች ፊታቸው ይለወጣል፤ "አንድ ጊዜ አግቢ፣ አውጪ፤ ከቆየ ይሞታል" ይሉኛል። ከዚያ አንድ ረድፍ ብስኩት፣ አንድ ረድፍ ክሬም፣ እንደ ግንበኛ እየደረደሩ ሳጥኑን መሙላት ነው። ማቀዝቀዣ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ደግሞስ አሰላ ላይ ምን ሊሠራ! ሳጥኑ ፀሐይ በማያገኘው በረንዳ ላይ ይወጣል፣ ውሻ እንዳይከፍተው ድንጋይ ይጫንበታል፣ ቀሪውን የጭላሎ ብርድ ይጨርሰዋል።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። እናቴ በየወሩ በሃያ አንድ የሚጠጣው የሴቶቹ የማርያም ማኅበር ሙሴ ነበረች፤ ማለትም ማን ይግባ ማን ይቅር የሚለው በእሷ ቃል ነው። ማኅበርተኞቹ በየተራ ይደግሳሉ፣ አንዷ ስትታመም ሌሎቹ ይጠይቃሉ፣ አንዷ ስትሞት እንጀራውንም ወጡንም ጠላውንም ይዘው የሚደርሱት እነሱ ናቸው። ልጅም ዘመድም ለሌላት ሴት ማኅበር ማለት ቤተሰብ ነው። እትዬ ዘነበች ወልደው አያውቁም። ወንድም እንዳላቸው ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህ እናቴን ለምነዋት ነበር፤ አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ በየዓመቱ ይለምኗት ነበር። እናቴ "እኔስ ምን ቸገረኝ፣ ሴቶቹ ከእጅሽ አንበላም ይላሉ" ትላቸዋለች። ያን ዓመት እህቴ ሙሉ ኢተያ ለአንድ ስንዴ ነጋዴ ልጅ ልትዳር ሲቆረጥ፣ እትዬ ዘነበች ከጥምቀት በፊት መጥተው፣ በር ላይ ቆመው፣ ለመልሱ አንድ ነገር ሠርተው እንዲያመጡ ይፈቀድላቸው ዘንድ ጠየቁ።

"ማኅበርተኞቹም ይኖራሉ፣ አማቶቹም ይኖራሉ" አሉ። "አንዴ ከእጄ ከቀመሱ ምን ይላሉ? ከዚያ በኋላ አንቺ ታስገቢኛለሽ።"

እናቴ አሰበችበት። በአማቶች ፊት አዲስ ነገር ማቅረቡ ደስ ብሏታል፤ እሱንም መደበቅ አልቻለችም። "እስቲ መጀመሪያ እኔ ልቅመሰው" አለች። እትዬ ዘነበች በሦስተኛው ቀን በሳህን አንድ ቁራጭ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው አመጡ። እናቴ ወንበሯን ወደ ግድግዳው አዙራ በላችው። ፊቷን አላየሁም፤ ጣቷን ስትልስ ግን አይቻለሁ። ሳህኑን መልሳ "ደህና ነው፤ ሥሪ። ከወደዱልሽ በሚያዝያ ሃያ አንድ ትገቢያለሽ" አለች። ሌሎች ሁለት ማኅበርተኞችም እዚያው ነበሩ፤ ቃሉን ሰምተዋል። እትዬ ዘነበች ጎንበስ ብለው የእናቴን ጉልበት ሳሙ። የአምሳ ሦስት ዓመት ሴት የሠላሳ ስምንት ዓመት ሴት ጉልበት ስትስም ማየት አሁን ያንገበግበኛል፤ ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር።

መልሱ እሑድ ነው፤ ማቶኔው ሁለት ሌሊት ማደር ስላለበት ሥራው ዓርብ ሆነ። ጓዳችን በዚያን ዕለት ጓዳ ሳይሆን ሌላ ነገር ነበር፤ ሰባት ሴቶች ሽንኩርት ይከትፋሉ፣ ድስቶቹ ይንተከተካሉ፣ በትልቁ ብረት ድስት ደግሞ ለወጡ የሚሆነው ቅቤ በኮሰረት፣ በኮረሪማና በነጭ ሽንኩርት እየተነጠረ ቤቱን ከዳር እስከ ዳር አጥኖታል። ከዚያ ቤት የወጣ ድመት እንኳ ንጥር ቅቤ ይሸት ነበር። እትዬ ዘነበች ጥግ ይዘው፣ ቅቤያቸውን ሰባት ውኃ አጥበው፣ ከእኔ ጋር መትተው፣ ካካዎውን ጨምረው፣ ክሬሙን በትልቅ ሳህን ከድነው አስቀመጡ። ከዚያ ሳጥኑን ሊያመጡ ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ አጥበው ፀሐይ ላይ አስጥተውት ነበር።

እናቴ ያን ጊዜ ጠራችኝ። ከተነጠረው ቅቤ ሙሉ ጣሳ ጨልፋ፣ ለብ እስኪል አብርዳ፣ በእጇ ይዛለች። "ክዳኑን ክፈቺ" አለች፤ ከፈትኩ። ሁሉንም ገለበጠችው። "አማሺ" አለች። ቆሜ አየኋት። ያልተነጠረ ቅቤ ለራስ ፀጉር ነው፣ ለአማቶቻችን የራስ ቅቤ አበሉን እንዲሉ ትፈልጊያለሽ ወይ አለችኝ፤ የሚያሳፍር ነገር እያስተካከለች እንደሆነ አድርጋ ነው የነገረችኝ፤ እኔም አመንኳት። እውነት ነው፣ እኛ ቤት ለጋ ቅቤ ወደ ራስ እንጂ ወደ አፍ አይሄድም። በእንጨት ማንኪያው አማሰልኩ። ቢጫው ቅቤ ካካዎው ውስጥ እየገባ፣ እየጠፋ፣ ምንም እንዳልተደረገ ሆነ። "አፍሽን ያዢ" አለችኝና ወደ ድስቷ ተመለሰች።

እትዬ ዘነበች ሲመለሱ ክሬሙ መላላቱን ወዲያው አዩ። ማንኪያውን ከፍ አድርገው ሲንጠባጠብ ተመለከቱና "የእሳቱ ሙቀት ነው" አሉ፤ ሳህኑን በረንዳ ላይ አውጥተው፣ ብርዱ ላይ እንደገና መቱት። አፍንጫቸው እንዳይነግራቸው ቤቱም ልብሳቸውም ንጥር ቅቤ ሆኗል። ምላሳቸው እንዳይነግራቸው ቀኑ ዓርብ ነው። እስከ ዛሬ ሌሊት ሌሊት የሚያነቃኝ ይህ ነው፤ ጾማቸውን አልጠበቀችም ተብለው የታሙት ሴት፣ ጾማቸውን ስለጠበቁ ተያዙ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ብስኩቱን አንድ ጊዜ እያስገባሁ አወጣ ነበር። "ጎበዝ፣ እጅሽ ጥሩ ነው" አሉኝ።

እሑድ ከምሳው በኋላ ማቶኔው በትልቅ ትሪ ወጣ። ቆንጆ ነበር፤ ጠርዙ ቀጥ ብሎ፣ ሲቆረጥ ፈካ ያለና ጠቆር ያለ ቡናማ መስመሩ ተሰድሮ ሲታይ ዳሱ ውስጥ "እሰይ" የሚል ድምፅ ተሰማ። እትዬ ዘነበች በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከማኅበርተኞቹ መካከል፣ በወንበር ላይ፣ ነጭ ቀሚስ ለብሰው ተቀምጠዋል። የሙሽራው እናት፣ ኢተያን ሙሉ በድምፃቸው የሚገዙ ወፍራም ሴት፣ የመጀመሪያውን ቁራጭ ጎረሱ። አኘኩ። ማኘኩን አቆሙ።

"እንዴ!" አሉ፤ "ዶሮ ወጥ በስኳር ነው እንዴ ያበላችሁን?"

ሳቅ ሆነ። አንዱ ወደ መሃረብ ይተፋል፣ አንዱ ለጎረቤቱ ያቀብላል፣ ልጆቹ አፍንጫቸውን ይይዛሉ። ከማኅበርተኞቹ አንዷ፣ ዝቅ ባለ ግን ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣ "ድሮስ የጣሊያን ቤት እጅ" አለች። እትዬ ዘነበች ከራሳቸው ሳህን ቆረስ አድርገው ቀመሱ። ዓይናቸው ሲያውቀው አየሁ። ኮሰረቱን፣ ኮረሪማውን፣ ነጭ ሽንኩርቱን አንድ በአንድ ለዩት፤ ያ ቅቤ ከማን ድስት እንደወጣ ለማወቅ ከዚያ በላይ አልፈለጉም። ወደ እናቴ ተመለከቱ። እናቴ ነጠላዋን ታስተካክል ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ተመለከቱ፤ እጄን ከኋላዬ ደበቅኩ።

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ከእሳቸው፣ ከእናቴ ወይም ከእኔ፣ ከሦስታችን ከአንዳችን። እትዬ ዘነበች ተነሡና፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ "እጄ ስቶ ነው፤ ይቅር በሉኝ" አሉ። የእህቴ መልስ ነበር፣ የእናቴ ስም በአማቶቿ ፊት ነበር፤ ያንን አልነኩም። ትሪውን ራሳቸው አንሥተው ወጡ። ጨዋታው ቀጠለ፣ ከበሮው ተመታ፣ እኔም ከልጆቹ ጋር ጨፈርኩ።

ሚያዝያ ሃያ አንድ መጣና አለፈ፤ ስማቸውን ያነሣ የለም። የሚቀጥለው ፋሲካ ማግስት ደጃቸው ተዘግቶ ዋለ፤ የሰፈሩ ልጆች ትንሽ ቆመው ጠብቀው ተበተኑ። እኔን ሲያገኙኝ እንደ ድሮው ሰላም ይሉኛል፣ ትምህርቴን ይጠይቁኛል፣ "ቻው" ብለው ያልፋሉ። ይህ ከስድብ ይብስብኝ ነበር፤ እሳቸውን ላለማግኘት ስል በሌላው ቅያስ እየዞርኩ ትምህርት ቤት መሄድ ጀመርኩ። ስንት ጊዜ እነግራቸዋለሁ ብዬ ወስኜ ስንት ጊዜ በአጥሩ አጠገብ እንዳለፍኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ከዚያ አደግኩ፣ ሲሬ አስተማሪ ሆኜ ተመደብኩ፣ እዚያ እያለሁ አንድ ቀን ከአሰላ የመጣ ሰው እግረ መንገዱን ነገረኝ። እትዬ ዘነበች ከሞቱ ሁለት ወር ሆኗቸዋል። መንደርተኛው ቀብሯቸዋል። ለአርባቸው አንድ እንጀራ የጋገረ፣ አንድ ጣሳ ጠላ የጠመቀ አልነበረም፤ የማን ሥራ ነው? ማኅበር የላቸውም። ቀልዱ ግን ያን ጊዜም በሕይወት ነበር፤ በየሠርጉ፣ በየክርስትናው ተነሥቶ ይሳቅበታል፤ እሳቸው ከተቀበሩ በኋላም እንደገና ይታኘካሉ።

እናም ከካፌው በወጣሁ በሦስተኛው ቀን ቅቤ ተራ ሄድኩ። የምትሸጠው ልጅ ሞባይሏን በአንድ እጇ፣ ሚዛኗን በሌላ እጇ ይዛለች። "ሃራዳ?" አልኳት፤ "ካን ሀርኣቲ" አለችኝ፣ የዛሬ ነው። አምስቱን አልፌ ስድስተኛዋ ጋ ገዛሁ፤ አፍንጫዬ እንደ እሳቸው አይደለም። ሰባት ውኃ አጠብኩት። ክንዴ አላደረሰኝም፤ እየተቀመጥኩ፣ እየተነሣሁ መታሁት። ሳጥኑ የት እንደደረሰ ስለማላውቅ በዳቦ ቆርቆሮ ደረደርኩት። ፍሪጅ አለኝ፤ አላስገባሁትም፤ በረንዳ ላይ አውጥቼ ድንጋይ ጫንኩበት፤ የቤት ሠራተኛዬ አብዳለች ብላ ለእህቴ ደወለች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ወፍራም ቁራጭ በሳህን አድርጌ፣ ቀሪውንም በትሪ ይዤ፣ እናቴ ቤት ገባሁ። ምንም አልነገርኳትም። ሳህኑን ጉልበቷ ላይ አስቀመጥኩላት።

ቆረስ አድርጋ ጎረሰች። ዓይኗን ጨፈነች።

"የዘነበች ነው" አለች።

"የራስ ቅቤ ነው፣ እማዬ። አልተነጠረም።"

"አውቃለሁ። እንዲያ ነው የሚጥመው።"

አርባ አምስት ዓመት ሙሉ ለእናቴ አንዲት መሸሸጊያ ትቼላት ኖሬያለሁ፤ አላወቀችም፣ አፍራ ነው፣ ልማድ ነው እያልኩ። ለእኔም መሸሸጊያዬ እሷው ነበረች፤ እናቷ ያላወቀችውን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከየት ታውቃለች?

"ታዲያ ያን ጊዜ ምን ሆነሽ ነው የተነጠረውን ያስገባሽበት?" አልኳት።

ጣቷን ላሰች። ልክ እንደዚያ ቀን፣ በዝግታ፣ አንድ በአንድ።

"ጥሞኝ ነዋ" አለች። "አሥራ ሁለት ዶሮ ሠርቼ፣ በግ አሳርጄ፣ ሳምንት ሙሉ ጭስ ጠጥቼ፣ ሰዉ ሲወጣ የሚያወራው የሷን ሊሆን ነው?" ይህን ስትል ድምፅዋ ውስጥ ጸጸት ፈልጌ አጣሁ፤ ያለፈ ክረምት ዝናብ እንዴት እንደነበር የምታወራ ትመስል ነበር። ከዚያ ባዶውን ሳህን ወደ እኔ ዘረጋችው። "ጨምሪልኝ" አለች።

ሳህኑን ተቀበልኳት። አልጨመርኩላትም። ትሪውን ከጠረጴዛው ላይ አነሣሁ፤ እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። የሰማንያ ሦስት ዓመት እናቱን ጣፋጭ የሚከለክል ሰው ምን እንደሚባል አውቃለሁ፤ ይበሉኝ። "የት ልትወስጂው ነው?" አለች ከኋላዬ፣ "ለማን ነው?" አለች። ትሪውን ይዤ ወጣሁ።

እግሬ ሁለት አጥር አሳልፎ በወፍጮ ቤቱ ቅያስ አስገባኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ በሌላው ቅያስ እየዞርኩ ስሸሸው የኖርኩት መንገድ ነው፤ አሁን ኮብልስቶን ተነጥፎበታል። ወፍጮ ቤቱ የለም። የእትዬ ዘነበች ሁለት ክፍል በነበረበት ቦታ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል፤ ከሥሩ ሞባይል የሚጠግን ወጣት ከመስታወቱ ጀርባ ተቀምጦ መርፌ በምታህል መፍቻ አንድ ነገር ይነካካል። ትሪውን በሁለት እጄ ይዤ ስቆም ቀና ብሎ አየኝ፤ ተነሥቶም በሩን ከፈተልኝ።

"ማንን ፈልገው ነው፣ እናቴ?" አለኝ።

"እትዬ ዘነበችን" አልኩት፣ መሞታቸውን እያወቅኩ፤ በልጅነቴ የሠራሁባቸውንም ልነግራቸው እንደሆነ ነገርኩት።

ልጁ ስሙን ደገመው፤ "እዚህ እንደዚያ የምትባል የለችም" አለኝ።